ስምንት ደርዘን ጃንጥላ በግንቦት

ዘውገ መርካቶ ሰባተኛ አካባቢ ባለችው ሁለት በሦስት በሆነች ሱቁ ባልዲ፣ ሳፋ፣ ጆግና ፔርሙዝ መሸጥ ከጀመረ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። ደግ ሰው ነው፤ ሳቂታ ነው፤ የእድር ድንኳን ሲተከል ከሁሉ ቀድሞ ካስማ የሚጨብጥ ነው። አንድ ክፉ አመል ግን አለበት፤ ቁጭ ያለ ብር ማየት አይችልም። ገንዘብ መሳቢያ ውስጥ ሁለት ቀን ካደረ እጁን ያሳክከዋል፤ በሦስተኛው ቀን ሳፋ ይሆናል፣ በአራተኛው ፔርሙዝ። ብር የተፈጠረው ሊዞር ነው ባይ ነው። ይህን አመል በሽታ ነው ብላችሁ ለመርካቶ ነጋዴ ብትነግሩት ይስቅባችኋል፤ እሱም ራሱ አለበትና።

ሚስቱ ኤልሳቤት ሌላ ዓይነት ሰው ናት። ሸማ ተራ ውስጥ በማሽን የሐበሻ ቀሚስ ጥልፍ ትጠልፋለች። ቀኑን ሙሉ ክር ስትለካ የዋለች ሴት ቤቷ ገብታም ሁሉን ነገር ካልለካች ደስ አይላትም። ሽንኩርቱ ስንት ቀን እንደሚቆይ፣ ዘይቱ መቼ እንደሚያልቅ ታውቃለች። ባለፈው ዓመት ግን ልኳ ሁሉ ተበላሸባት። ጥር ላይ የእህቷ ልጅ ተዳረች፤ መጋቢት ላይ የቤታቸው ቆርቆሮ አፈሰሰ፤ ሰኔ ላይ ደግሞ የአሥራ አምስት ዓመት ልጃቸው ማርያማዊት ኳስ ስትጫወት ክንዷን ተሰበረች። በእያንዳንዱ ጊዜ ዘውገ የሚያውቀው መፍትሔ አንድ ብቻ ነበር፤ ወደ ጃፋር መሮጥ።

ጃፋር ዱባይ ተራ የሚነግድ የወሎ ሰው ነው። አበድረኝ ሲሉት ኪሱን ገልብጦ የሚሰጥ፣ ለምን ብሎ የማይጠይቅ ጓደኛ ነው። ዘውገን ይህ አይከብደውም ነበር፤ ዛሬ ከጃፋር ይወስዳል፣ ነገ ጃፋር ከሱ ይወስዳል። ኤልሳቤት ግን የጃፋርን ሚስት መንገድ ላይ ባገኘቻት ቁጥር አንገቷን መድፋት ሰለቻት። ስለዚህ መስቀልን አገር ቤት አክብረው በተመለሱበት ሳምንት፣ እሁድ ከሰዓት፣ ባልና ልጇን ሶፋው ላይ አስቀመጠች።

«ዛሬ በጀት እናወጣለን» አለች።

«በጀት የመንግሥት ነው፤ እኛ ምን ቤት ነን?» አለ ዘውገ።

«መንግሥትም እንዳንተ ይበደራል። እሱ ግን ቢያንስ ይጽፈዋል።»

ማርያማዊት የሒሳብ ደብተሯን የመጨረሻ ገጽ ገለጠች። እድር፣ መብራት፣ ውሃ፣ ጤፍ፣ ትምህርት ቤት ተጻፈ። ከዚያ ኤልሳቤት «ያልታሰበ ወጪ» የሚል አዲስ መስመር አስጻፈችና ዘውገን ባለፈው ዓመት ያልታሰበ ምን ምን እንደመጣባቸው ጠየቀችው።

«ሰርጉ» አለ ዘውገ ሳያመነታ።

«ካርዱ የደረሰን ከሰርጉ አንድ ወር ተኩል ቀደም ብሎ ነው። የታሰበ ነው።»

«የፋሲካው በግ።»

«ፋሲካ በየዓመቱ እንደሚመጣ ማን ይንገርህ?»

«የትምህርት ቤቱ ጭማሪ!»

«አባዬ፣ በየዓመቱ መጨመር ከጀመሩ እኮ ስድስት ዓመታቸው ነው» አለች ማርያማዊት፤ እያሳቃትም ቢሆን ሰርዛ ወደ ላይኛው መስመር አዛወረችው።

ዘውገ መሸነፉ ገባው። የቀረችውን አንዲት ማስረጃ አወጣ። «ጣራውስ? እሱን እንኳ ማን አስቦት ነበር?»

ኤልሳቤት ቀና ብላ ጣራውን አየችው። «እዚህ ቤት ስንገባ ምን ይመስል ነበር?»

«ያው አሮጌ ነበር።»

«እንግዲያው እሱም የታሰበ ነው። ያላሰብነው እኛ ነን።»

በመጨረሻ ከዚያ ሁሉ ዝርዝር ያልታሰበ ሆኖ የተረፈው የማርያማዊት ክንድ ብቻ ነበር። ሰርጉም፣ በጉም፣ ቆርቆሮውም ወር ወር ተመደበላቸው። በእውነት ላልታሰበው ደግሞ በየወሩ ሁለት ሺህ ብር እንዲቀመጥ ተወሰነ፤ ሺው ከሱቁ፣ ሺው ከጥልፉ። ዘውገ ባንክ ይግባ ቢል፣ ኤልሳቤት ቸግሮን በሮጥን ቀን ሲስተም የለም ቢሉንስ አለችው። ቤት ውስጥ ይቀመጥ ቢል፣ ይህንንም አልወደደችውም።

«እኔ ጋ ካደረማ እህቶቼ አልቅሰው ይጨርሱታል። እምቢ ማለት እንደማልችልበት ታውቃለህ። አንተ ግን ትችልበታለህ። በብረት ሳጥን አድርገህ ሱቅህ ባንኮኒ ስር አስቀምጠው፤ ቁልፉም ካንተ አይለይ። ለንግድ ግን አይነካም። ማልልኝ።»

«እመብርሃንን አልነካውም» አለ ዘውገ። ሲምል ከልቡ ነበር። ይህን እኔ እመሰክርለታለሁ።

ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ሁሉም እንደታቀደው ሄደ። ኤልሳቤት በየወሩ መጨረሻ ቅዳሜ ሺህ ብሯን ይዛ ብቅ ትላለች፤ ዘውገ የራሱን ይጨምራል፤ ሳጥኑ ጠቅ ብሎ ይዘጋል። ሚያዝያ ሲያልቅ፣ ከመስከረሙ ጋር ስምንት ወር ሞልቶ፣ አሥራ ስድስት ሺህ ብር ተጠራቀመ። ያልታሰበ የሚባል ነገር ግን የውሃ ሽታ ሆነ። ማንም አልታመመም፣ ምንም አልተሰበረም። ኤልሳቤት በዚህ ተመስገን ስትል ዘውገ ግን ውስጥ ውስጡን ይበላው ጀመር። አሥራ ስድስት ሺህ ብር፣ ያውም እግሩ ስር፣ ያለ ሥራ ተጋድሞ! ደንበኛ ባልዲ ሲጠይቀው እንኳ ሐሳቡ ባንኮኒው ስር ነበር።

ግንቦት በገባ በሁለተኛው ቀን ጃፋር እየሳቀ ሱቁ በር ላይ ቆመ። ስለ ሳጥኑ የሚያውቀው አንዳች ነገር የለም።

«ወላሂ ዘውገ፣ እንዲህ ያለ ዋጋ ዳግመኛ አታገኝም። አንዱ አስመጪ መጋዘን ሊለቅ ነው። ጃንጥላ፣ ደርዘኑ በሁለት ሺህ! እኔ ሃያ ደርዘን አንስቻለሁ። ስምንት ቀርቷል፤ ካልፈለግህ ለሌላ ሰው ልደውል።»

ዘውገ በልቡ ደመረ። ሐምሌ ላይ ደርዘኑ ሦስት ሺህ ስድስት መቶ ዓይኑን ሳያሽ ይሸጣል። ስምንት ደርዘን ማለት አሥራ ሁለት ሺህ ስምንት መቶ ትርፍ ነው። ስምንት ወር ሙሉ ምንም ካልመጣ በሁለት ወር ውስጥ ምን ይመጣል? ደግሞስ ይህ ንግድ ነው እንዴ? ከብረት ሳጥን አውጥቶ ካርቶን ሳጥን ውስጥ መክተት አይደል? ሰው ራሱን ማታለል ሲፈልግ የሚያህለው ጠበቃ የለም። ዘውገ የሳጥኑን ቁልፍ አዞረ፤ ጃንጥላዎቹንም ከሳፋው ክምር ጀርባ ሸሸጋቸው። እኔ ብሆን አላደርገውም ነበር የሚል ካለ፣ መርካቶ ሱቅ ከፍቶ ይሞክረው።

ልክ በዘጠነኛው ቀን፣ ማክሰኞ ከጠዋቱ አራት ሰዓት፣ ስልኩ ጠራ። ኤልሳቤት ነበረች።

«ዘውገ፣ ጉድህን ስማ! ማሽኔ ተቃጠለ!» አለች። ድምፅዋ ውስጥ ሳቅ ነበረበት። «መብራት ሄዶ ሲመጣ ሞተሩ ቡልቅ ብሎ ጨሰ። የእሁዱ ሰርገኞች አምስት ቀሚስ ይቀራቸዋል፤ መካኒኩ ደግሞ ልኩ የሆነ ሞተር ያገኘው አንድ ሱቅ ብቻ ነው። አሥራ አራት ሺህ አምስት መቶ፤ ሰውየው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይዤ እቆያለሁ ብሏል። ይኸውልህ፣ ያልታሰበው መጣልህ!»

«እ… እንዴ…» አለ ዘውገ።

«ባለጋቢዋ እትዬ አበራሽ ደንግጠው ውሃ ሊረጩኝ ነበር። ምነው እትዬ፣ እኛ ቤት እኮ ለዚህ የተቀመጠ አለ አልኳቸው። በል ሳጥኑን ክፈትና ይዘህልኝ ና።»

ስልኩ ተዘጋ። ዘውገ የተደፋ ባልዲ ላይ ቁጭ አለ። ብትጮህበት ይሻለው ነበር። ብታለቅስ እንኳ ይሻለው ነበር። ሳቋ ግን ወሽመጡን ቆረጠው። እሁድ ቀሚሱ ካልደረሰ ቀብድ መመለስ ብቻ አይደለም፤ ሸማ ተራ ውስጥ አሥራ አራት ዓመት የሠራችው ስሟ ነው አብሮ የሚሄደው። እሷ ይህን እያወቀች ትስቃለች፤ የምትስቀውም እሱን አምና ነው።

ለጃፋር ደወለ። ጃፋር ለለቅሶ ኮምቦልቻ ሄዶ ስልኩ ዝግ ነው። ቢያገኘውስ በምን አፉ አበድረኝ ይለዋል? ሳጥኑ የተገዛው ወደ ጃፋር ላለመሮጥ አልነበረም? እቁቡ የሚወጣለት ሰኔ ላይ ነው። ከጎረቤት ነጋዴ እንዳይበደር፣ ሰባተኛ ውስጥ በአራት ሰዓት የተወሰደ ብድር በስድስት ሰዓት ሸማ ተራ ይሰማል። ያለው ነገር ስምንት ደርዘን ጃንጥላ ብቻ ነው። ወደ ውጭ ወጥቶ ሰማዩን አየ። ጥጥ የሚያህል ደመና እንኳ የለም፤ ጸሐይዋ አስፋልቱን ትጠብሳለች። ዝናብ ዘንቦ ከዚህ ጉድ ያወጣዋል ብሎ የሚጠብቅ አንባቢ ካለ ቁርጡን ይወቅ፤ ያን ቀንም አልዘነበም፣ በማግስቱም አልዘነበም።

ዘውገ ካርቶኑን ተሸክሞ መንገድ ዳር ቆመ። ባለ ሱቅ ከሆነ ወዲህ በጩኸት ሸጦ አያውቅም። «ጃንጥላ» አለ፤ ድምፁ ከጉሮሮው አልወጣም። ጆንያ የተሸከመ አንድ ሰው ሲያልፍ ሰምቶት «ጋሼ፣ ዝናቡን የት አስቀመጡት?» ብሎ አካባቢውን በሳቅ ገደለው። ዘውገ ላብ በላብ ሆነ። ሊገባ ሲል ሁለት ሴቶች ነጠላቸውን ግንባራቸው ላይ ጋርደው ሲሄዱ አየ። ያኔ በልጅነቱ ሻንጣ አንግቶ ካልሲ ሲሸጥ የነበረው ድምፅ ከየት እንደመጣ ሳያውቀው መጣለት።

«ከጸሐይ! ከጸሐይ! የጠቆረ ፊት አይመለስም፣ ጃንጥላ ሁለት መቶ! ከጸሐይ!»

ሴቶቹ ሳቁ፤ ሳቁና ገዙ። ከነሱ ኋላ ሌላዋ መጣች፣ ከሌላዋ ኋላ ሦስት ሆነው መጡ። ዘውገ አንዱን ጃንጥላ ዘርግቶ እንደ ሙሽራ ሚዜ እየተሽከረከረ ያሳያል። እስከ ሰባት ሰዓት ሁለት ደርዘን ተሸጦ አራት ሺህ ስምንት መቶ ብር ያዘ። እውነቱን ለመናገር ደስ እያለው ነበር። ይሁን እንጂ ያኔ ከወዲያ ማዶ ደንብ አስከባሪዎች ብቅ አሉ፤ መንገድ ዳር ያለው ሁሉ ዕቃውን ጠቅልሎ ተፈተለከ። ዘውገም ሱቁ ከጀርባው መሆኑን ረስቶ ካርቶኑን አቅፎ አብሯቸው ሮጠ። ሁለት ማዞሪያ ካለፈ በኋላ ነው ባለ ሱቅ መሆኑ ትዝ ያለው።

ላብ አጥምቆት ሲመለስ ሰባት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ከሱቁ አጠገብ ቦርሳ የምትሸጠው ሰአዳ እጇን አጣጥፋ ጠበቀችው። ጠዋቱን ሙሉ ስታየው ነው የዋለችው።

«ጋሼ ዘውገ፣ ምን ሆነው ነው? ጃንጥላ በግንቦት?»

«ቦታ ጠቦኝ ነው።»

«ቦታ የጠበበው ሰው እንዲህ አይሮጥም» አለችው። «ስንት ቀረዎት?»

«ስድስት ደርዘን። በሺህ ዘጠኝ መቶ ውሰጃቸው።»

«በሺህ ሁለት መቶ።»

«አንቺ ልጅ፣ አላህን አትፈሪም?»

«እፈራለሁ። እስከ ሐምሌ ድረስ ቦታዬን የሚይዝብኝ ግን ጃንጥላው ነው። ለእርስዎ ስል ሺህ ሦስት መቶ፤ ካሽ አሁኑኑ እሰጥዎታለሁ።»

ሰአዳ ክፉ ሰው አይደለችም። ነጋዴ ናት፤ የቸገረውን ሰው ዓይን ታውቃለች። ዘውገ በሌላ ቀን ቢሆን ኖሮ በሃምሳ ብር ልዩነት ምሳ ሰዓቱን ሙሉ ይሟገታት ነበር። ዛሬ ሰዓቱን አየና እጁን ዘረጋ። ሰባት ሺህ ስምንት መቶ ተቀበለ። ካለው ጋር አሥራ ሁለት ሺህ ስድስት መቶ ሆነ። የጎደለውን ሺህ ዘጠኝ መቶ ከመሳቢያው ዝርዝር፣ ከኪሱ፣ ከምሳ ገንዘቡም ለቃቅሞ ሞላና ሱቁን ለሰአዳ አደራ ብሎ ወደ ሸማ ተራ ነጎደ። አንዲት ሳንቲም እንኳ አልተረፈውም።

ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ሲል ብሩን ኤልሳቤት እጅ ላይ አኖረ። መካኒኩ ሄዶ ሞተሩን አመጣ፤ ፈታ፣ ገጠመ፣ ዘይት አጠጣ። አሥር ሰዓት ሲል ማሽኑ ድምፁን አስተካክሎ መሥራት ጀመረ። የሸማ ተራ ሴቶች እልል አሉ። ጎን ለጎን ጋቢ የሚሸጡት እትዬ አበራሽ ዘውገን ከላይ እስከ ታች አዩት።

«ታድለሽ ኤልሳቤት! የኔው ሰውዬ ቢሆን ይህን ብር እስካሁን ስንቴ በነገደበት!»

«ዘውገም በሌላ ነገር አይታመንም» አለች ኤልሳቤት ጥልፏን እየገፋች። «አሥር ብር አስቀምጥ ብዬ ብሰጠው ፔርሙዝ ይገዛበታል። ይህን ሳጥን ግን አደራ ስለው እንደ ልጁ ጠበቀው። እኔም ብሆን እንዲህ አልጠብቀውም ነበር።»

እዚህ ላይ ዝም ቢል ያለቀ ነገር ነው። ሞተሩ ተገዝቷል፣ ቀሚሱ ይደርሳል፣ ሳጥኑ ውስጥ የቀረ የሚመስላትን ሺህ አምስት መቶ በሁለት ሳምንት ይሞላዋል። ብልጥ ሰው ዝም ይላል። ዘውገ በሌላው ሁሉ ብልጥ ነው። ጸሐይ የጠበሰው ፊቱ ይፋጃል፤ ምስጋናው ደግሞ ከጸሐይዋ ይበልጥ አቃጠለው።

«ኤልሲ» አለ። «ጃንጥላ ገዝቼበት ነበር።»

ማሽኑ ቆመ። እትዬ አበራሽ ድንገት የሚታጠፍ ጋቢ አገኙ።

«ምን ያህሉን?» አለች ኤልሳቤት።

«ሁሉንም። ስምንት ደርዘን፤ ደርዘኑን በሁለት ሺህ።»

«የታል አሁን?»

«ዛሬ ሸጥኩት። ሁለቱን ደርዘን መንገድ ዳር ቆሜ። ስድስቱን ለሰአዳ በሺህ ሦስት መቶ።»

«በሺህ ሦስት መቶ?!» ጩኸቷ ሦስት ሱቅ ተሻገረ። «ሐምሌ ላይ ሦስት ሺህ ስድስት መቶ የሚያወጣውን?» የነጋዴ ሚስት ናትና መጀመሪያ ያመማት ዋጋው ነበር። ከዚያ ግን እጇን ከማሽኑ አነሳች። ስትናገር ድምፅዋ ዝቅ ብሎ ነበር።

«ዘውገ፣ እኔ ዛሬ ጠዋት ሳቅኩ። ማሽኔ ዓይኔ ፊት እየጨሰ ሳቅኩ። እናቴ ቤት ሳለሁም፣ ካንተ ጋር ከኖርኩም ወዲህ፣ ችግር ሲመጣ ሳልደነግጥ የዛሬው የመጀመሪያዬ ነው። ያን ሳቅ እኮ ስምንት ወር አጠራቅሜ ነው የገዛሁት። አንተ በጃንጥላ ለወጥክብኝ።»

«ሳቅሽን ሰምቼ አይደል የሮጥኩት» አለ ዘውገ። ከሱቅ ቁልፎቹ መካከል ትንሿን የሳጥን ቁልፍ ፈታና ማሽኑ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ። «ሌላ ሰው ይያዘው። ምዬም አፈረስኩት።»

ኤልሳቤት ቁልፉን አየችው፤ ፊቱንም አየችው። አፍንጫው ቀልቷል፤ ሸሚዙ ላይ ላቡ ደርቆ ነጭ መስመር ሠርቷል።

«ሱቅህ ጎርፍ በገባው ጊዜ ታስታውሳለህ?» አለችው። «ጭቃ የጠጣውን ሳፋ ሁሉ አጥበህ፣ አንዲት ሳንቲም ሳትቀንስ በዋጋው ነው የሸጥከው። ሃያ ዓመት አብሬህ ስኖር በኪሳራ ስትሸጥ አይቼህ አላውቅም። በሞትህም ይሆናል ብዬ አላስብም ነበር። ዛሬ ለኔ ብለህ ከሰርክ። መጥተህም ራስህ ነገርከኝ።» ቁልፉን በጣቷ ወደሱ መለሰችው። «ከዚህ በላይ የሚጠብቅልኝ ሰው ከየት አመጣለሁ? ያዘው።»

ዘውገ ቁልፏን ሳይነካ ኤልሳቤትን አያት።

«ከኪስህ የጨመርከውን ጨምሮ የጎደለው ሦስት ሺህ አራት መቶ ነው» አለች፤ አሁን ድምፅዋ ወደ ቦታው ተመልሷል። «ከበጀቱ ግን አይወጣም። ከቅዳሜ ክትፎህ ነው የሚወጣው። ስምንት ቅዳሜ።»

«ስምንት? እሺ፤ መቼም ሰኔ ላይ የሐዋርያት ጾም አለ…»

«ጾሙ አይቆጠርም! እሱ ለእግዚአብሔር የምትጾመው ነው። ይህ ለኔ ነው።»

እትዬ አበራሽ ጋቢውን ፊታቸው ላይ ይዘው በሳቅ ፈረሱ። ዘውገም ሳቀ፤ ሳቁ መሐል ዓይኑን ጠረገ። ከዚያ ቁልፏን አነሳ። ወደ ሱቅ ቁልፎቹ ግን አልመለሳትም። የሸሚዙን አንገት ከፍቶ፣ ከሕፃንነቱ ጀምሮ አንገቱ ላይ ያለውን ማተብ ሳበና ቁልፏን እዚያው ላይ ቋጠራት። ኤልሳቤት አየችው። ምንም ሳትል ቀሚሱን አስተካክላ ፔዳሉን ረገጠች።